ከማዕዱ በላይ የተንጠለጠለው ስፌት

ባለፈው ረመዷን በቤታችን የሆነውን እናጫውታችሁ።

ለኢፍጣር በምንቀመጥበት ሳሎን አምፖሉ ራቁቱን ተንጠልጥሎ ዓይን ይወጋ ነበር። ልጃችን ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ፣ የሞሰብ ክዳን የሚመስል የአምፖል ሽፋን ከገበያ ገዝታ መጣች። ሰቀልነው። ብርሃኑ ሳይበተን ወደ ማዕዱ ወረደ፤ ቴምሩም ሳምቡሳውም ደምቆ ታየ። ሁላችንም ወደድነው።

በሦስተኛው ቀን መብራቱን ሳናጠፋ ለተራዊሕ ወጥተን ስንመለስ ቤቱ የተቃጠለ ገለባ ይሸታል። የሽፋኑ አናት ጠቁሯል። ሣሩን ልንወቅስ ስንል የልጆቹ እናት፣ «ሣሩ ምን አደረገ? አምፖሉን እዩት እንጂ» አለች። እውነቷን ነው። ያንን ያሮጌውን ዘመን ባለ 60 ዋት አምፖል ነበር የከተትንበት። እንዲህ ያለው አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ የተደፈነ ስፌት ሲያገኝ እዚያው ይታፈናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ ማዘዛቸውን፣ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ በቤቱ ሰዎች ላይ እሳት ልታስነሳ እንደምትችል መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህን ሐዲሥ ስንት ዓመት አስተምረናል! በራሳችን ጣሪያ ሥር ግን አላሰብነውም።

አሁን 9 ዋት ያህል የሚወስድ የኤልኢዲ አምፖል ገብቶበታል፤ ብርሃኑ ከቀድሞው አያንስም። ኤልኢዲም ቢሆን መያዣው አካባቢ ይሞቃልና አናቱ ላይ አየር ማስወጫ ያስፈልገዋል። ገመዱንና መያዣውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢያይላችሁ ይሻላል።

ሣር ይታጨዳል፣ መልሶ ይበቅላል። ቀርከሃም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የተበሳሳ ቅል አምፖል ቢገባበት ብርሃኑን እንደ ከዋክብት ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የቆየ ቤት የገባ ሰው ግድግዳው በስፌት አጊጦ ማየቱን ያስታውሳል፤ ስፌቱ ወደ ጣሪያ መውጣቱ አዲስ ቢሆንም እጁ ያው የእናቶቻችን እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለናል። በባዕድ አገር የተሠራውን የፕላስቲክ ሽፋን በተጻፈበት ዋጋ እንገዛለን፤ ሣሩን ነክራ፣ ቀለም አግብታ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ በወስፌ ከሰፋችው እናት ጋር ግን መሬት ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን፤ ያውም በጾም አፋችን። ልጃችንም ተከራክራ ነበር የገዛችው። በማግሥቱ ተመልሳ የቀረውን ሰጠቻት።

የጠቆረውን አናት ቆርጠን ጣልነው፤ አየር ማስወጫውም በዚያው ተገኘ። ጠርዙን ያቺው ሰፊ አበጀችልን። ዘንድሮም እሱው ተሰቅሏል። ረዘም ያለ እንግዳ ለመግሪብ ሶላት ሲቆም ግንባሩን እንዳይመታው ብቻ ገመዱን በአንድ ክንድ አሳጥረነዋል።