«ተኛ ልጄ፣ አትድከም» ከማለትዎ በፊት

እስቲ አንድ ልጅ በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉ። ዕድሜው ዘጠኝ ነው። ያደገው ምሥራቅ ጎጃም፣ ቁይ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄደው በሩጫ፣ የሚመለሰውም በሩጫ። የገና ጨዋታ ሲደርስ ከሜዳ አይጠፋም። አንድ ሰሞን ትኩሳት አልለቀው አለ፤ ፊቱ ገረጣ፤ ድዱ ደማ። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደረሰ። ውጤቱ የደም ካንሰር ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ሯጭ ልጅ ከአልጋ አይወርድም። እናቱ እግሩን ትሸፍናለች፤ አባቱ እስከ መጸዳጃ ቤት ተሸክሞ ይወስደዋል፤ ጠያቂው ሁሉ «ተኛ፣ አትድከም» ይለዋል። ልጁን ሐሳባችን የወለደው ቢሆንም ታሪኩ የብዙዎች ነው። እርስዎም በቦታቸው ቢሆኑ ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ፍቅር ነውና። ነገር ግን ይህ ፍቅር ሳያውቀው ልጁን ሊያዳክመው ይችላል።

አልጋ የሚወስደው ጉልበት

ጡንቻ ካልሠራ ይቀልጣል። ለጤነኛ ሰው እንኳ ጥቂት ቀናት መተኛት ጉልበት ያሳጣል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምና ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በሕክምናው ውስጥ የሚሰጡት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ጡንቻን ያሳሳሉ፣ አጥንትንም ያደክማሉ። ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በበኩሉ የእጅና የእግር ነርቮችን ሊነካ ይችላል፤ ያኔ ልጁ የእግሩን ጫፍ ማንሳት ያቅተውና ሲራመድ ይደናቀፋል።

ይህን ያየ ወላጅ «መድኃኒቱ ልጄን ሽባ አደረገብኝ» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከሩቅ ለመጣ፣ ከብቱንና እርሻውን ለጎረቤት አደራ ላለ ቤተሰብ ደግሞ ድንጋጤው ሕክምናውን አቋርጦ ወደ አገር ቤት ለመመለስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የልጁን ሕይወት የሚያሳጣው ግን ማቋረጡ ነው። የነርቩ ችግር በጊዜ ለሐኪም ከተነገረ ክትትልና የፊዚዮቴራፒ እርዳታ ያገኛል፤ በብዙ ልጆችም ከጊዜ ጋር ይሻሻላል።

ሌሎች አገሮች ምን አዩ?

በስፔን፣ ማድሪድ፣ ኒኞ ሄሱስ የተባለው የሕጻናት ሆስፒታል ካንሰር ላለባቸው ልጆች ግቢው ውስጥ የስፖርት ክፍል አዘጋጅቷል። እዚያ በተሠራ ጥናት ኬሞቴራፒ እየወሰዱ በባለሙያ ክትትል ስፖርት የሠሩ ልጆች የጡንቻ ጥንካሬያቸው ጨምሯል። በጀርመንም በርካታ የሕጻናት ካንሰር ማዕከላት የስፖርት ባለሙያ ከሐኪሙ ጎን አሰልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያም ፍሬ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ካንሰር ያለበት ልጅ በሕክምናው ጊዜም ቢሆን አቅሙ በፈቀደ መጠን ይንቀሳቀስ።

እንቅስቃሴ ካንሰርን አያድንም፤ የሚያድነው ሕክምናው ነው። እንቅስቃሴ ግን ልጁ ሕክምናውን የሚሸከምበትን ጉልበት ይጠብቅለታል።

ያለ ስፖርት ክፍል፣ በአልጋው ዙሪያ

አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ። ከተፈቀደ ግን ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም።

ተኝቶ፦ የእግሩን ጫፍ ወደ ራሱ ይሳብ፣ ወደ ታች ይግፋ፤ አሥር ጊዜ። ጉልበቱን ይጠፍ፣ ይዘርጋ።

ተቀምጦ፦ ፊኛ ይወርውሩለት፣ ይመልስልዎ። የጎጃም ልጅ ከሆነማ እስክስታ አለለት! ትከሻ ለመስበቅ ከአልጋ መውረድ አያስፈልግም። በስልክዎ ዘፈን ይክፈቱና አብረውት ይስበቁ።

ቆሞ፦ ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሳ፣ ይቀመጥ። ግሉኮሱ የተሰቀለበትን ብረት እርስዎ ይያዙለትና እስከ መስኮቱ፣ ነገ ደግሞ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሂዱ።

ከሁሉ በላይ የሚችለውን አይቀሙት። ፊቱን ራሱ ይታጠብ፤ ልብሱን ራሱ ይልበስ፤ ወደ መጸዳጃ ቤት በእግሩ ይሂድ። ለጤነኛ ልጆች በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ለታመመ ልጅ ግን በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ጥሩ ጅምር ነው። ኬሞ በወሰደበት ቀን አልፈልግም ካለ አያስገድዱት፤ ነገ ሌላ ቀን ነው።

መቼ ይቁም?

ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደም ከፈሰሰው፣ ካዞረው፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ያስቁሙና ወዲያው ለነርስ ይንገሩ። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ዝቅ ባለበት ሰሞን ዝላይና ኳስ አይሆንም፤ ስለዚህ «የዛሬው የደም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ያድርጉት። ነጭ የደም ሴሉ ሲቀንስ ደግሞ ሰው ከሚበዛበት ቦታ ይራቅ። ካንሰሩ አጥንት ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ በቀላሉ ሊሰበር ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈቃድ በዚያ እግር አይቁም።

ጠያቂ ሆነው ሲሄዱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ፣ በ2030 ካንሰር ካለባቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ግብ ጥሏል። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በእኛ አገር ዕድሉን የሚያጠበው አንዱ ነገር ዘግይቶ መምጣትና ማቋረጥ ነው። አቶ ወንዱ በቀለ ትንሽ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል የሚመጡ ልጆችን በአዲስ አበባ የሚያስጠጋውም ይህን ስለተረዳ ነው።

እርስዎም ድርሻ አለዎት። የታመመ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ ከሙዙና ከጭማቂው ጎን አንድ ፊኛ ይያዙ። «ተኛ» ከማለትዎ በፊትም እናቱን ይጠይቁ፤ «ሐኪሙ ከፈቀደለት እስከ መስኮቱ አብረን እንሂድ?» ይበሉ። ከአልጋ እስከ መስኮት ጥቂት እርምጃ ነው። ወደ ቁይ በእግሩ ሊመለስ ለሚፈልግ ልጅ ግን ጉዞው ከዚያ ይጀምራል።