የሊድሱ ተጫዋች ሮብ ቡሮው ፤ ሚስቱና ባልንጀራው

ክቡራን አንባቢዎቻችን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ኳስ ተጫዋች መጻፋችንን በመጀመሪያ ሳያደንቁ አይቀሩም። ነገር ግን ታሪኩ ከጨዋታ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ቤት የሚገባ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ራግቢ ሊግ የሚባለው ጨዋታ እንደ እንቍላል ሞላላ በሆነ ኳስ ፤ በአንድ ወገን 13 ፣ በሌላው ወገን 13 ሰዎች ሆነው የሚጫወቱት ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በብብቱ ይዞ ይሮጣል ፤ ተቃራኒዎቹም በክንዳቸው ጨምድደው ይጥሉታል። ጨዋታው ራሱን ችሎ የቆመው በ1895 በእንግሊዝ አገር በስተ ሰሜን ፤ የድንጋይ ከሰል በሚቈፈርባቸውና ፈትል በሚፈተልባቸው ከተሞች ነው። ምክንያቱም የደመወዝ ነገር ነበር። ሠራተኞቹ ለመጫወት ሲሉ ከሥራ ሲቀሩ የሚጐድልባቸው የቀን ዋጋ ይተካላቸው ቢባል የጨዋታው ሹማምንት እንቢ ስላሉ የሰሜን ክለቦች በሃደርስፊልድ ከተማ ተሰብስበው ተለዩ። በዚህ ክርክር እውነቱ ከማን ጋራ እንደ ነበረ ዛሬ የሚጠራጠር ያለ አይመስለንም።

ሮብ ቡሮው በ1982 በዮርክሻየር አውራጃ በፖንትፍራክት ከተማ ተወለደ። ካደገም በኋላ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። በዚህ ጨዋታ የሚሰለፉት አብዛኞቹ እንደ ግንድ የደነደኑ ሰዎች ስለ ሆኑ ፤ ይህ ልጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም የሚሉት ብዙዎች ነበሩ። እርሱ ግን በ2001 ለሊድስ ከተማ ቡድን መጫወት ጀመረ። እስከ 2017 ድረስም ወደ ሌላ ቡድን ሳይሻገር 492 ጊዜ ተሰለፈ ፤ በዚህም ዘመን የሱፐር ሊግን የፍጻሜ ግጥሚያ 8 ጊዜ አሸነፈ። በልብሱ ላይ የነበረው ቍጥር 7 ነው ፤ ይህን ቍጥር አንባቢው እንዲያስብልን እንወዳለን።

በ2011 በማንችስተር ከተማ ፤ በኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ፤ ሊድስና ሴንት ሄለንስ ለፍጻሜ ሲገጥሙ ቡሮው በመጀመሪያ ከተሰለፉት መካከል አልነበረም። ከተለዋጮቹ ወንበር ተነሥቶ ገባ። ኳሱ እጁ ላይ እንደ ደረሰ ጐንበስ ብሎ በአንዱ ግዙፍ ሰው ክንድ ሥር ሾለከ ፤ ሌሎቹም ሊይዙት ሲዘረጉ እጃቸው ባዶውን ቀረ። የሜዳውን እኩሌታ ያህል ሮጦ ኳሱን ከመስመሩ ማዶ አሳረፈ። ሊድስም 32 ለ16 ረታ። በዚያን ቀን ምርጡን ተጫዋች የሚመርጡት ጋዜጠኞች አንድ ሳይቀር የርሱን ስም ጻፉ። ማጠሩ ለርሱ ጕዳት ሳይሆን መሣሪያ ሆኖለት ነበር።

በ2017 ቡድኑ ዋንጫውን ሲወስድ ጨዋታውን ተወ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ንግግሩ ይኰላተፍ ጀመር። በታኅሣሥ ወር 2019 ሐኪሞች መርምረው ፤ አእምሮ ለሥጋ ትእዛዝ የሚያስተላልፍባቸውን ነርቮች የሚያደክም ደዌ እንደ ያዘው ነገሩት። ይህ ሕመም እጅን ፣ እግርን ፣ ንግግርን ፣ በመጨረሻም መተንፈስን ይነሣል ፤ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘለትም። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 37 ዓመት ነበረ ፤ ሁለት ሴቶችና ገና ሕፃን የሆነ አንድ ወንድ ልጅም ነበሩት።

ሚስቱ ሊንዚ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚያውቃት ፤ በሙያዋም የደከመ ሰውነትን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ናት። ቡሮው ሕመሙን ባወቀ ጊዜ ፤ አንቺ ገና ወጣት ነሽና ሌላ ሰው ፈልጊ ብሎ እንደ መከራት ፤ እርሷም በጤናም በሕመምም ብዬ ቃል ገብቻለሁ ብላ እንዳልተቀበለችው ራሷ ተናግራለች። ይህን ባሏን ስታጐርስ ፣ ስታለብስና ተሸክማ ስታወጣ ስታወርድ በሥራ አሳየች ፤ የሐኪም ቤት ሥራዋንም አልተወችም። እኛ ከተጫዋቹ ዋንጫዎች ሁሉ ይልቅ ይህን እናደንቃለን።

ድምፁ ከጠፋ በኋላ ቡሮው የዓይኑን አቅጣጫ በሚከተል መሣሪያ ፊደል እየመረጠ ይናገር ነበር ፤ መሣሪያውም አስቀድሞ ከተቀረጸው ከራሱ ድምፅ የተሠራ ነበርና ቤተ ሰቦቹ የዮርክሻየር አነጋገሩን አላጡትም። በታኅሣሥ 2022 በእንግሊዝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ሕፃናት ከመተኛታቸው በፊት የሚሰሙትን ተረት በዚሁ መሣሪያ አነበበ።

ባልንጀራው ኬቪን ሲንፊልድ የሊድስ ቡድን አለቃ የነበረ ሰው ነው። እርሱም በታኅሣሥ 2020 ለደዌው ምርምርና ለሕሙማን መርጃ ገንዘብ ለመሰብሰብ በ7 ቀን 7 ማራቶን ሮጠ። 7 መሆኑ ስለ ባልንጀራው ልብስ ቍጥር ነው ፤ ለመሰብሰብ ያሰበውም 77,777 ፓውንድ ነበረ ፤ የተገኘው ግን ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በለጠ። ሩጫውን በየዓመቱ ቀጠለ። በግንቦት ወር 2023 በሊድስ ከተማ በቡሮው ስም የማራቶን ሩጫ ሲደረግ ሲንፊልድ ባልንጀራውን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጦ 42 ኪሎ ሜትሩን እየገፋው ሮጠ። ከመጨረሻው መስመር በፊት ቆመ ፤ ከወንበሩ አንሥቶ እንደ ሕፃን በክንዱ አቀፈው ፤ ጕንጩን ስሞም ተሸክሞት መስመሩን አለፈ። ሊንዚም በዚያው ቀን ያንኑ ማራቶን ሮጣለች።

በጥር 2024 ልዑል ዊልያም ወደ ሊድስ ሄደው ለሁለቱም የክብር ኒሻን ሰጡ።

ሮብ ቡሮው በ41 ዓመቱ ሰኔ 2 ቀን 2024 ዐረፈ። በስሙ የሚሠራው የዚህ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ቤት የግንባታ ሥራ የሚጀመረው በማግሥቱ ነበረ። ሐዘን ነውና ይዘግይ አልተባለም ፤ በቤተ ሰቡ ፈቃድ ሰኔ 3 ቀን መሬቱ ተቈፈረ። የቀብሩ ሥርዓት ሐምሌ 7 ቀን ፤ ማለት በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ተፈጸመ። አስከሬኑን የያዘው ሠረገላ በልጅነቱ በተጫወተበት በፌዘርስቶን ክለብ በር ሲያልፍ ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ አጨበጨበለት።