የሰሜን ተራሮች አመዳይ፦ ከአዱሊስ ድንጋይ እስከ ራዳር ሳተላይት

ራስ ደጀን ላይ አመዳይ ይጥላል ወይስ አይጥልም? ክርክሩ የቆየ ነው። ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ በሰሜን ተራሮች እስከ ጉልበቱ አመዳይ ውስጥ እየሰጠመ መዝመቱን ይተርካል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦም አመዳይ መኖሩን መሰከረ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግን አላየሁም አለ። ከእሱ በኋላ የመጣው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት አመዳዩን በዓይኑ አይቶ፣ ብሩስ ያላየው ከተራራው ግርጌ ስላላለፈ መሆኑን ጻፈ።

ሁሉም የመሰከረው ከቆመበት ቦታና ከደረሰበት ወቅት ተነስቶ ነው።

ዛሬ በሰሜን ተራሮች የበረዶ ግግር የለም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግን ነበር፤ ግግሩ ገፍቶ የቆለለው ድንጋይና አፈር አሁንም ይታያል። ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ ይህንን የአየር ንብረት ታሪክ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1982 አሳትሟል። አሁን ከፍታው ላይ በብዛት የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ይወርድና በጅብራው ሥርና በገደሉ ጥላ ነጥቶ ያድራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል። አመዳይም ቢጥል ብዙ አይቆይም።

እንዲህ ቶሎ የሚጠፋን ነገር በዓይን ብቻ መከታተል ያስቸግራል። በዋልታዎች አካባቢ የበረዶውን ክትትል የተረከበው በሳተላይት ላይ የተጫነ ራዳር ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የተመለሰውን ስለሚያነብ ጨለማም ደመናም አያግደውም። በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ከአንታርክቲካው ላርሰን ሲ የበረዶ መደብ ላይ 5,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ኤ-68 የተባለ ግዙፍ የበረዶ ቁራጭ ሲገነጠል፣ አካባቢው በዋልታው የብርድ ወቅት ጨለማ ተውጦ ሳለ የአውሮፓው ራዳር ሳተላይት ሰንቲነል-1 ቀርጾታል።

ደመናው ለወራት ለሚጋርደው የሰሜን ክረምት ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ችግር ግን አለ። አንድ ሰንቲነል-1 ወደዚያው ቦታ የሚመለሰው በ12 ቀን አንዴ ነው፤ የሰሜን አመዳይ ግን በሰዓታት ሊቀልጥ ይችላል። ሞገዱ ስስና ደረቅ አመዳይን አልፎ መሬቱን ይነካል፤ የረጠበው ግን ሞገዱን ስለሚውጠው በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ራዳሩ የሚያየው በጎን በመሆኑም፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው ገደል ከጀርባው ያለውን ይከልላል።

ጉዳዩ የተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። በተራሮቹ ላሉት ለበየዳና ለጃናሞራ ወረዳዎች ገብስ አራሽ ውርጭና በረዶ የዓመት ቀለቡን የሚወስኑ ናቸው፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውኃም ወደ ተከዜ ይገባል።

የሰንቲነል ምስሎች ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪም አውርዶ ሊመረምራቸው ይችላል። ምስሉ የሚታመነው ግን መሬት ላይ በተያዘ መረጃ ሲመሳከር ነው። ለዚህም በተራሮቹ ላይ ባሉት ጨነቅና ቧሂት ቋሚ ካሜራና የሙቀት መለኪያ መትከል፣ ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውቶች የአመዳዩን ጥልቀት በዘንግ ለክተው ሰዓቱን እንዲመዘግቡ ማድረግ ይቻላል።