ፓውንዱን ዝቅ ያደረጉት ጠበቃ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሰፈራችን ባለሱቅ ዘይቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ጓዳ አስገባ። በባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር መዝለሉን ሰምቷላ! እናቴ ባዶ እጇን ተመልሳ «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩንም?» አለችኝ። ክፍል ውስጥ የተማርኩትን መልስ ሰጠኋት። አልተዋጠላትም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ስለ ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው።

ክሪፕስ እ.ኤ.አ. በ1889 የተወለዱ እንግሊዛዊ ናቸው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የተማሩት ኬሚስትሪ ነበር። በ1913 ጠበቃ ሲሆኑ ይሄ ዕውቀት እንጀራ ሆነላቸው፤ አንዱ ኩባንያ ሌላውን «ፈጠራዬን ወሰደብኝ» ብሎ በሚከስበት የፓተንት ክርክር ማሽኑ የማይገባው ጠበቃ ብዙም አይራመድም። እሳቸው ገባቸው፤ በዘመናቸው ከፍተኛ ገቢ ከነበራቸው የለንደን ጠበቆች አንዱ ሆኑ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ያልተከፈላቸው ሥራ ነው። በ1934 ሰሜን ዌልስ በሚገኘው የግሬስፎርድ የከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 266 ሰዎች አለቁ። በምርመራው ላይ ለማዕድን ሠራተኞቹ ወገን ያለ ክፍያ የቆሙት ክሪፕስ ናቸው። የጉድጓዱ አየር በየጊዜው መለካት ነበረበት፤ አልተለካም። የመዝገቡ ቁጥሮች ከአደጋው በኋላ በፈጠራ የተሞሉ መሆናቸው የታወቀው በዚያ ምርመራ ነው። እንግዲህ ሰውየው የውሸት ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው።

ፖለቲካውን ባጭሩ ላሳልፈው። በ1931 በሌበር ፓርቲ ስም ምክር ቤት ገቡ፤ በ1939 ከፓርቲው ተባረሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ ሞስኮ አምባሳደር ነበሩ፤ በ1942 ሕንድን ለማግባባት ተልከው ሳይሳካላቸው ተመለሱ። በኖቬምበር 1947 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ያን ጊዜ እንግሊዝ ጦርነት ያሸነፈች ድሃ ነበረች። ክሪፕስ ሕዝቡን «ቻሉት» አሉት። የሠራተኛ ማኅበራቱን የደመወዝ ጭማሪ እንዳይጠይቁ አግባቡ፤ በኤፕሪል 1949 ከራሽን የወጣው ከረሜላ እንኳን በኦገስት ተመልሶ ራሽን ውስጥ ገባ። ሥጋ አይበሉም፣ ሌሊት ተነስተው ሥራ ይጀምራሉ። ሰው ባይወዳቸውም ያምናቸው ነበር፤ ቀበቶ አጥብቁ የሚሉት የራሳቸውን አጥብቀው ነዋ!

ችግሩ የመጣው በ1949 ነው። የአሜሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝ የእንግሊዝ የዶላር ክምችት ይሟጠጥ ጀመር። ክሪፕስ ምንዛሪው እንደማይነካ ደጋግመው ተናገሩ። እስቲ ለእናቴ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልድገመው። ፓውንድ ሊወርድ ነው ብሎ የጠረጠረ የውጭ ነጋዴ የእንግሊዝን ዕቃ ዛሬ አይገዛም፤ ነገ በርካሽ ያገኘዋል። የዶላር ዕዳ ያለበት እንግሊዛዊ ደግሞ ነገ ሳይወደድበት ዛሬውኑ ዶላር ይገዛል። ሁለቱም ካዝናውን ያራቁታሉ። ሚኒስትሩ «እያሰብንበት ነው» ካሉማ አለቀ!

በጁላይ እንደዚያ ሲሉ ከልባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ቅናሹን ይቃወሙ ነበርና። ያን ወር ታመው ለሕክምና ዙሪክ ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት ወጣቶቹ ሚኒስትሮች ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊን አሳመኑ፤ ደብዳቤውን ዙሪክ ድረስ ይዘው የሄዱት ሃሮልድ ዊልሰን ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን እያወቁ መደበቅ ግድ ሆነባቸው።

እሑድ ሴፕቴምበር 18 ማታ በሬዲዮ ቀርበው ፓውንዱ ከ4.03 ወደ 2.80 ዶላር መውረዱን አስታወቁ። ሰላሳ በመቶ! ዳቦ እንደሚወደድም በዚያው ንግግራቸው ተናገሩ። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ሚስጥሩ ግድ የሚለው እስከ ውሳኔው ሰዓት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ዕቃ እንደሚወደድ ለሕዝብ መንገር ካዝናውን አይጎዳም። እናቴ የጠየቀችኝ «ለምን ቀደም ብለው» ብላ ቢሆንም፣ እኔን የቆጨኝ ያን ዕለት ማታ ዘይቱ ስንት እንደሚሆን የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ነው።

ቸርችል በምክር ቤት የክሪፕስን ታማኝነት ጥያቄ ውስጥ ከተቱት። ቃላቸውን አክባሪ በመሆን ለሚኮሩት ሰው ይህ ስድብ ነበር፤ ቸርችል ቻንስለር ከነበሩበት ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ አልቀበልም እስከማለት ደረሱ። በኦክቶበር 1950 በሕመም ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ፤ በኤፕሪል 1952 እዚያው ዙሪክ በ62 ዓመታቸው አረፉ።

2.80 እስከ 1967 ቆየ። ለሦስት ዓመት አይሆንም ሲሉ ከርመው በመጨረሻ ወደ 2.40 ያወረዱት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ያኔ ደብዳቤውን ያደረሱት ዊልሰን ናቸው።