ከጨው የሚያድግ ጌጥ



የቲም ልጅ ከምግብና ከልብስ ሌላ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንደሚያሻው እናምናለንና ይህን ቀላል ሥራ እናቀርብላችኋለን።

በ200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ 72 ግራም ያህል ጨው፣ መሟሟት እስኪያቆም ድረስ አማስሉ፤ ሙቁን ውሃ አዋቂ ይያዝ። ከሥር የዘቀጠውን ትታችሁ ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ገልብጡ። ከቀጭን እንጨት ላይ ክር አስራችሁ አንጠልጥሉበትና ሳይነቃነቅ አስቀምጡት።

ውሃው በየቀኑ በተነነ ቁጥር ጨው ከክሩ ላይ ይያያዛል፤ ቅንጣቶቹም በሥርዓት ስለሚደረደሩ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛሉ። ቶሎ የደረቀው ደቃቅ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ያደገው ግን ትልቅና ጥርት ያለ ነው።

ልጁ ሶብርን በዓይኑ ያያል፤ የአላህንም (ሱ.ወ.) ጥበብ ያስተውላል። ወጪው ጥቂት ጨው ነው፤ ጊዜያችሁን ግን አትንፈጉት።

አላህ ይቀበለን፤ አሚን።