ዘጠኝ ግራም እርሳስና መዳብ

ለአጋዘን አደን የሚሰናዳ አሜሪካዊ ገንዘቡን በጠመንጃው፣ በመነጽሩ፣ በቦት ጫማውና ብርድ በማያስገባው ልብሱ ላይ ያፈስሳል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል አውሬውን የሚነካው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ግራም ገደማ የሚመዝን አረር። እሱም ሥራውን ጀምሮ የሚጨርሰው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። እንዲህም ሆኖ ስለ ጠመንጃው ዓይነት ግማሽ ቀን ሲከራከር የዋለ ሰው፣ የጥይቱን ካርቶን ጽሑፉን እንኳ ሳያነብ ከመደርደሪያው አንስቶ ይሄዳል።

ጥይት አራት ነገር ነው፤ የናስ ቀለህ፣ ከቀለሁ ግርጌ ያለችው ከብሱል፣ ባሩድ፣ ከአፉ ላይ የተሰካው አረር። ቃታው ሲሳብ መርፌው ከብሱሏን ይመታል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ ጋዙ አረሩን በአፈሙዙ አስወንጭፎ ያስወጣዋል። ቀለሁ ባዶውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የአረሩ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ከመካከለኞቹ አንዱን እንያዝ፤ የአሜሪካው ሬሚንግተን ኩባንያ በ1980 ለገበያ ያቀረበውን 7ሚሜ-08። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እናቱ በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር ነው፤ የዚያን ቀለህ አንገት ወደ ሰባት ሚሊ ሜትር አጥብበው ነው ይኼኛውን ያገኙት። 140 ግሬን፣ ማለትም 9 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ 850 ሜትር አካባቢ ይልካል። ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ለዘብ ያለ ስለሆነ ጀማሪውም ሰውነቱ ቀጠን ያለውም ሳይሸማቀቅ ይተኩሰዋል፤ ሳይሸማቀቅ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ያለመበትን ይመታል። ጫካ ውስጥ ይህ ካርቶን ላይ ከሚጻፍ የጉልበት ቁጥር ሁሉ ይበልጣል። 6.5 ክሪድሙር፣ ራሱ 308፣ በ1925 የተወለደው አንጋፋው 270 ዊንቸስተርም የዚሁ ሠፈር ሰዎች ናቸውና፣ እዚህ የሚባለው በጥቂት ልዩነት ለእነሱም ይሆናል።

የሚታደነው ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ስድስት ሚሊዮን ገደማ አጋዘን በአዳኝ እጅ ይወድቃል፤ አብዛኛው ይኸው ዝርያ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው የእኛው ደጋ አጋዘን ከዚህ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። የእኛው ቀንዱን እንደያዘ ይሞታል፤ የአሜሪካው በየዓመቱ አራግፎ አዲስ ያበቅላል። በክብደትም አይቀራረቡም፤ የባሌው ወንድ ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ሲችል ቨርጂኒያ ውስጥ የሚታደነው ወንድ ብዙውን ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ በመሆኑ ለኦርቶዶክሱም ከሚበሉት ወገን ነው፤ ስለ አስተራረዱና ስለ በክት የሚነሣውን ጥያቄ ግን ለአባቶች ልተወው።

ለአረር መራጭ ዋናው ጉዳይ የዚህ እንስሳ ሰውነት ስስ መሆኑ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ በጎኑ ሲመታ አረሩ የሚያገኘው ጠጉር፣ ቆዳ፣ ቀጭን የጎድን አጥንት፣ ከዚያ ሳንባ፣ ከዚያ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ያንኑ አጥንትና ቆዳ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ፈጥኖ መከፈት፣ ሳንባውን መበጣጠስ፣ ወጥቶም ደም የሚያፈስስ ቀዳዳ መተው አለበት። ሳንባው የተመታ አጋዘን እንኳ ብዙ ጊዜ ሃምሳም መቶም ሜትር ሮጦ ነው የሚወድቀው፤ ቅጠል በረገፈበት ጫካ ውስጥ አዳኙን የሚመራው የደሙ ነጠብጣብ ነው።

አረር በሥጋ ውስጥ እንዲከፈት ማድረግ የድሮ ሰዎች ራስ ምታት አልነበረም። የዐድዋው ዘመን ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 25 ግራም ክብደት ያለውን የእርሳስ አረር በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ ነበር የሚተኩሰው። አረሩ ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ለስላሳ ስለነበር ሌላ ጥበብ አላስፈለገውም። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያገኝ ግን ፍጥነት በአንድ ጊዜ ናረ፤ ራቁቱን የሚሮጥ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ እየተፋቀ መቅረት ጀመረ። መላውን የስዊዙ መኮንን ኤድዋርድ ሩቢን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አዘጋጅቶት ነበር፤ እርሳሱን በመዳብ መለበጥ። ለብጡ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሙሉ በሙሉ የተለበጠ አረር ሥጋ ውስጥ ሳይከፈት ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። እንግሊዞች ካልካታ አጠገብ በነበረው የደምደም ጥይት ፋብሪካቸው የለብጡን ጫፍ ገልጠው እርሳሱን ቢያጋልጡት አረሩ ሥጋ ሲነካ ተተረተረ፤ በ1899 ሄግ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታትም እንዲህ ያለው አረር በጦርነት ላይ እንዳይውል ከለከሉ።

በአደን ዓለም ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለአጋዘን የሚከለክሉት ሙሉ በሙሉ የተለበጠውን የወታደር አረር ነው። የቆሰለ ወታደር ሐኪም ይደርስለት ይሆናል፤ የቆሰለ አጋዘን ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቀናት ያጣጥራል። ርካሽ ነው ብሎ የወታደር ጥይት ይዞ አደን መውጣት የሚከለክል ሕግ በሌለበት ግዛት እንኳ ነውር ነው።

እንግዲህ ሠሪው የሚፈለግበት አንድ አረር በ30 ሜትርም በ250 ሜትርም እኩል እንዲሠራለት ነው። ከ7ሚሜ-08 የወጣው 140 ግሬን ቅርብ ላይ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ይዞ ይደርሳል፤ 250 ሜትር ላይ ወደ 700 ይወርዳል። ተራ የእርሳስ አረር ለመከፈት ቢያንስ 550 ያህል ይፈልጋል። ከመጠን በላይ የለሰለሰው ቅርብ ላይ ይበታተናል፣ ከመጠን በላይ የጠነከረው ሩቅ ላይ ሳይከፈት ያልፋል። የሚፈለገው አረር ጫፉ ወደ ኋላ ተገልብጦ እንጉዳይ የሚመስል፣ ስፋቱን እጥፍ የሚያደርግ፣ ግንዱ ግን ሳይፈርስ ወደ ፊት የሚገፋው ነው።

መካከለኛ ጥይት ባለቤቱን የሚክሰው እዚህ ላይ ነው። ማግነም የሚባሉት ጉልበተኞች አረሩን በሰከንድ 950 ሜትር ሲልኩት ተራው አረር አይችለውም፤ ባለ ማግነሙ ሳይወድ በግዱ ውድና ጠንካራ አረር ይገዛል። 850 ግን ተራው አረር የተሠራለት ፍጥነት ነው። ሬሚንግተን በ1939 ያወጣው ኮር-ሎክት ለብጡ መሀል ላይ ወፈር ብሎ እርሳሱን ጨምድዶ ይይዛል፤ ሆርናዲ የተባለው ኩባንያ ኢንተርሎክ በለብጡ ውስጠኛ ገጽ ባለ ቀለበት ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱም ከርካሾቹ ጎራ ናቸው፣ ሁለቱም አጋዘን ለመጣል የሚጎድላቸው የለም። እንዲያውም ለዚህ ስስ እንስሳ የጠነከረውን መምረጥ ገንዘብ ከማባከን አልፎ አንዳንዴ ሥራውን ማበላሸት ነው ባይ ነኝ።

ጠንካሮቹ የተፈጠሩት ለሌላ አውሬ ነው። ጆን ኖስለር በ1946 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ጭቃ የደረቀበት አንድ ትልቅ ሙስ ላይ ቢተኩስ ቢተኩስ፣ አረሮቹ ገና ከላይ እየፈረሱ ወደ ውስጥ አልዘልቅ አሉት። ሙስ ከፈረስ የማያንስ አውሬ ነው። ሰውየው አገሩ ተመልሶ መሀሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ እርሳሱ ከግድግዳው ፊትና ኋላ ለየብቻ ተቀመጠ። የፊተኛው እንደ ልቡ ይከፈታል፣ ቢፈርስም ይፈርሳል፤ የኋለኛው ግድግዳውን ተከልሎ መንገዱን ይቀጥላል። ፓርቲሽን የተባለው ይህ አረር በ1948 ለሽያጭ ቀርቦ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሌሎች ደግሞ እርሳሱን ከለብጡ ጋር እንዳይላቀቅ አጣበቁት። ለሙስም፣ ኤልክ ለሚባለው ሌላ ግዙፍ አውሬም ይህ ሁሉ ዋጋ አለው።

ኖስለር ራሱ በ1984 ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ፣ አፍንጫው ላይ ባለ ቀለም ፕላስቲክ የተሰካበትን ባሊስቲክ ቲፕን አወጣ። ፕላስቲኩ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፣ ሥጋ ሲነካም ወደ ውስጥ ተገፍቶ አረሩን ባንዴ ያስከፍተዋል። ሩቅ ላይ ያምራል። ቅርብ ላይ ትከሻ አጥንት ካገኘ ግን ደም የቋጠረ፣ ለጥብስ የማይሆን ሥጋ ትቶ ይሄዳል፤ ለበር መስቀያ ቀንድ እንጂ ለድስት ሥጋ የማያስብ አዳኝ ብቻ ነው ይህን ንቆ የሚያልፈው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የዩታው ባርነስ ኩባንያ እርሳሱን ጨርሶ አወጣው። አረሩ ከአፍንጫው ተቦርቡሮ አንድ ወጥ መዳብ ሆነ፤ ሥጋ ሲነካ አራት ቅጠል ዘርግቶ ይከፈታል፣ ክብደቱንም ከሞላ ጎደል ይዞ ያልፋል። መዳብ ከእርሳስ ይቀልላል፤ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳሱ 11.3 ግራም ሲሆን መዳቡ 9 አይሞላም። ስለዚህ በተመሳሳይ ክብደት የመዳቡ አረር ይረዝማል፣ የረዘመ አረር ደግሞ አየር ላይ ተረጋግቶ ለመብረር ከአፈሙዙ ጠምዛዛ ቦይ የበለጠ ፈጣን ሽክርክሪት ይጠይቃል። መፍትሔው ክብደቱን መቀነስ ነው፤ በእርሳስ 140 የሚተኩስ ሰው በመዳብ 120 ይበቃዋል። ሲቀልል ይፈጥናል፣ መዳብም ለመከፈት በሰከንድ 600 ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ ፍጥነቱ ይጠቅመዋል።

በእርሳስስ ከ140 ከፍ ቢባል? 150ውም 160ውም ይሸጣል፣ ጠልቆም ይገባል። ለአጋዘን ግን ትርፉ አይታየኝም፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉዞውም ቶሎ ወደ ታች ያጎነብሳል። በ140ው መነጽሩ ለ180 ሜትር ከተስተካከለ አረሩ 270 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህን አብዛኛው ሰው በዓይኑ ማካካስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምርጫ የሚመርጠው ጠመንጃው ነው። አንዱ አፈሙዝ የወደደውን ጥይት፣ ከዚያው ፋብሪካ በዚያው ቀን የወጣ ወንድሙ ሊጠላው ይችላል፤ ምክንያቱን ባለሙያዎቹም አስቀድመው አይነግሩህም። ሁለት ሦስት ዓይነት፣ ሃያ ሃያ ፍሬ የያዙ ካርቶኖች ገዝቶ ከጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መቶ ሜትር ላይ መሞከር ነው። ሦስቱ ቀዳዳዎች በሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከተሰበሰቡ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። አረር በተቀየረ ቁጥር መነጽሩም እንደገና ይስተካከላል፤ 140ው የሚያርፍበት ቦታ ላይ 120ው አያርፍም።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖር አንባቢ ግን ይህን አንብቦ 7ሚሜ-08 ለመግዛት እንዳይሮጥ። ኦሃዮ ለአጋዘን የምትፈቅደው ጠመንጃ ቀለሁ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለውን ብቻ ነው፤ አንገቱ የጠበበው አይገባም። አገሩ ሜዳ፣ ቤቱም ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ ሩቅ የሚሄድ ጥይት አይፈለግም። የየግዛቱን ደንብ ፈቃድ ሲያወጡ ማንበብ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ መግደል ነው፤ የሚበላውን ሥጋ ስናስብ ሚዛኑ ይቀየራል። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና መሥሪያ ቤት አዳኞች ለድሆች የሰጡትን የአጋዘን ሥጋ የምግብ እርዳታ ጣቢያዎች እንዲጥሉት አዘዘ፤ የተፈጨው ሥጋ በራጅ ሲታይ የእርሳስ ስብርባሪ ተገኝቶበት ነበር። ሚኒሶታም በዚያው ዓመት የበግ በድን ላይ የተለያዩ አረሮችን ተኩሳ ስብርባሪው ከቁስሉ ርቆ እንደሚዘራ አየች። ቶሎ የሚከፈቱት አረሮች ብዙ በተኑ፣ መዳቦቹ ግን ከሞላ ጎደል ምንም። ብናኙ ከአሸዋ ስለሚያንስ ጥርስም ምላስም አያገኘውም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ክፉ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በጥንብ አንሣው በኮንዶር ምክንያት ገፍታ ሄደች። በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ፤ ቁጥራቸው ካገገመ በኋላም አዳኝ ትቶት የሄደውን ሆድ ዕቃ እየበሉ በእርሳስ መመረዛቸው አልቀረም። ከሐምሌ 2019 ጀምሮ እዚያ በእርሳስ ጥይት ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ ሥጋው ልጆች ለሚበሉበት ቤት ከሆነ እኔ የ120 ግሬኑን መዳብ እገዛለሁ። ዋጋው ከተራው ከፍ ይላል፤ በዓመት ለአደን የሚተኮሰው ግን በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው። በእርሳሱ ለሚጸና ሰው ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳይሳሱ አስፍቶ ቆርጦ መጣል፣ የተመታውን ትከሻ ወደ መፍጫ ማሽን አለማስገባት፣ ሆድ ዕቃውንም አሞራ በማያገኘው ጉድጓድ መቅበር ይበጃል።