ክትባትና ሙቀት፦ ዶሎ ኦዶ የተመደበ አዲስ ሐኪም ምን ይጠብቀዋል?

በሀገራችን ከሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚመረቁ ሐኪሞች የሥራ ቦታቸውን ለብዙ ዓመታት ያውቁ የነበረው በዕጣ ነበር። አንዱ ለአማራ ክልል፣ ሌላው ለደቡብ፣ ሌላው ለሶማሌ ክልል ይደርስ ነበር። ሶማሌ ክልል የደረሰው ሐኪም ከአዲስ አበባ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዶሎ ኦዶ ሊወርድ ይችላል። ዶሎ ኦዶ ገናሌና ዳዋ ወንዞች ተገናኝተው የጁባን ወንዝ በሚፈጥሩበት፣ ሀገራችን ከሶማሊያና ከኬንያ ጋር በምትዋሰንበት ጥግ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። እንዲህ ስላለው ምደባ ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የመንገዱ ርቀትና የደመወዙ ማነስ ነው። እኛ የፊዚክስ መምህራን እንደ መሆናችን ጉዳዩን በሌላ ወገን ልናየው ወደድን። አዲሱ ሐኪም እዚያ ሲደርስ ከበሽተኛው ሌላ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ሙቀቱ የሚያደክመው ሰውን ብቻ ሳይሆን በብልቃጥ ውስጥ ያለውን ክትባትም ጭምር ነው።

ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ ኦዶ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,475 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ዶሎ ኦዶ ወደ 200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትር ቁልቁለት 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚሞቅ በከፍታ ልዩነት ብቻ ወደ 8 ዲግሪ የሚሆን ብልጫ ይኖራል። ነገሌ 32 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ዶሎ ኦዶ 40 ቢሆን አያስደንቅም ማለት ነው። ክትባት ግን በመላው ዓለም፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መጠነ ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ወደ 2003 ዓ.ም. መመለስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ሶማሌዎች በዶሎ ኦዶ በኩል በብዛት ወደ ሀገራችን ገቡ። ቆቤ የተባለው የስደተኞች ካምፕ የተከፈተው በሰኔ ወር ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በነሐሴ ባወጣው መግለጫ፣ ካምፑ ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በቀን በአማካይ 10 እየሆኑ ይሞቱ እንደ ነበር አስታወቀ። በረኃብ የተጎዳ ሰውነት ላይ ኩፍኝ ተጨምሮበት ነበርና የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። እንዲህ ባለው ጊዜ የሐኪሞች ቁጥር ቢጨምር መልካም ነው። ሆኖም በኩፍኝ የተያዘውን ሕፃን ከበሽታው የሚፈውስ መድኃኒት ስለሌለ፣ ወሳኙ ሥራ የሚሠራው ሕፃኑ ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ፣ ከአካባቢው ሰው አንድም ያልተከተበ ቢሆን፣ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ያስተላልፋል። መካከለኛውን፣ 15ን፣ እንውሰድ። ወረርሽኙ እንዲቆም አንዱ ሕመምተኛ ከአንድ ለማይበልጥ ሰው ማስተላለፍ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከ15ቱ 14ቱ፣ ማለትም 93 ከመቶው፣ በሽታውን የሚቋቋሙ መሆን አለባቸው። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ክትባት የሚከላከለው ደግሞ 85 ከመቶ ለሚሆኑት ሕፃናት ነው። እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ጊዜ ቢከተብ እንኳ 93 አይሞላም ማለት ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በመደበኛነት የተጀመረው ስለዚህ ነው። አሁን ከተሰጠው ክትባት አንድ አምስተኛው በሙቀት ተበላሽቶ ነበር እንበል። 85 ወደ 68 ይወርዳል። በመዝገቡ ላይ ግን ሁሉም «ተከትቧል» ተብሎ ተጽፏል። አዲሱ ሐኪም መዝገቡን አምኖ ቢቀመጥ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ከወዴት እንደ መጣ ግራ ይገባዋል።

ክትባቱ ከከተማ ወጥቶ ወደ አርብቶ አደሩ መንደር የሚሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትይዘው ሳጥን ነው። የሳጥኑ ግድግዳ ሙቀት በቀላሉ የማያሳልፍ ፎም ሲሆን፣ በውስጡ ብዙውን ጊዜ አራት አይስ ፓኮች ይደረደራሉ። እያንዳንዳቸው 0.4 ሊትር ውኃ ቢይዙ በጠቅላላው 1.6 ኪሎ ግራም በረዶ ይሆናል። የሳጥኑ ገጽ ስፋት 0.3 ካሬ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ ውጩ 40 ውስጡ 5 ዲግሪ ሲሆን በግድግዳው የሚገባው ሙቀት 6.6 ዋት ገደማ ነው። ከአንዲት ትንሽ አምፖል ያነሰ ኃይል ነው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ሺህ ጁል ስለሚፈልግ በረዶው በሙሉ እስኪቀልጥ 22 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በነገሌ፣ በ32 ዲግሪ፣ ያው ሳጥን 29 ሰዓት ይቆይ ነበር። ሌሊቱ በረድ ስለሚል በእውነተኛው ጉዞ ቁጥሮቹ ትንሽ ይረዝማሉ፤ ክዳኑ በየጊዜው ስለሚከፈት ደግሞ ያጥራሉ።

በበረዶው ፈንታ 4 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ቢቀመጥስ? ውኃው ወደ 8 ዲግሪ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት በትምህርት ቤት «ስውር ሙቀት» እያልን የምናስተምረው ነው። ተማሪዎቻችን ቀመሩን ለፈተና ሸምድደው የሚረሱት፣ ምናልባት ከጥቁር ሰሌዳው ውጭ አይተውት ስለማያውቁ ይሆናል።

ይሁንና ቅዝቃዜ ሲበዛም ጥፋት ነው። የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች፣ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባትም ጭምር፣ የአሉሚኒየም ጨው አለባቸው፤ ከረጉ ጨው ተቋጥሮ ክትባቱ ዋጋ ያጣል። የመርጊያ መጠነ ሙቀታቸው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ አይስ ፓክ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ሠራተኛዋ ፓኮቹን ውጭ አስቀምጣ ስትነቀንቃቸው የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ትጠብቃለች። በረዶና ውኃ አብረው ባሉበት መጠነ ሙቀቱ ዜሮ ነውና ክትባቱ አይረጋም። ያለ ቴርሞሜትር፣ በጆሮ ብቻ፣ ዜሮ ዲግሪን መለካት ማለት ይኸው ነው። ፀሐይዋ ግን በዶሎ ኦዶ ስትጠብቅ አትታገሥም፤ በዚያ ሙቀት ይህን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ቀላል አይመስለንም።

ብልቃጡ በመንገድ ላይ ምን እንደ ደረሰበት የሚናገር ምልክትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት፣ ኋላም በሌሎቹ ላይ፣ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ትለጠፋለች። ጤና ሠራተኞች ቪቪኤም ይሏታል። አራት ማዕዘኗ በሙቀት እየጠቆረች ሄዳ ከክቡ ጋር ስትመሳሰል ብልቃጡ ይጣላል። ከዓይነቶቿ አንዱ በ37 ዲግሪ 14 ቀን፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 90 ቀን ይቆያል። አሥራ ሁለት ዲግሪ ሲጨመር ፍጥነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ኬሚስቶች አርሄኒየስ ያስተማራቸውን ያስታውሱ። ምልክቷ ግን የተጠራቀመ ሙቀትን እንጂ መርጋትን አታሳይም።

በየጤና ጣቢያው ያለውን ማቀዝቀዣ በተመለከተ የፀሐይ ኃይል በቀጥታ የሚያንቀሳቅሰው ዓይነት ለዚህ ሀገር ተስማሚ ሆኖ እናገኘዋለን። የቀድሞዎቹ የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ኃይሉን በባትሪ ያጠራቅሙ ነበር፤ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ደግሞ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል። አዲሱ ዓይነት ቀን በረዶ ሠርቶ ሌሊቱን በበረዶው ያድራል፤ ፀሐይ ብትጠፋም ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲቆይ ይጠበቅበታል።

የደቡብ ምሥራቁ ቆላ በክትባት ታሪክ ስሙ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር በኤልከሬ አካባቢ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነበር። ያን ጊዜ የፀሐይ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ድሉ እንዲገኝ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ የፈንጣጣው ክትባት በደረቅ ዱቄት ተዘጋጅቶ በ37 ዲግሪ አንድ ወር መቆየት መቻሉ ነው። የኩፍኙም ክትባት ደረቅ ዱቄት ሳለ የተወሰነ ሙቀት ይችላል። ችግሩ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ነው፤ በ37 ዲግሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኃይሉን ሁሉ ለማጣት ይቃረባል። ቪቪኤሟ ያለችው በክዳኑ ላይ ስለሆነ ብልቃጡ ሲከፈት አብራ ትጣላለች። የተበጠበጠው ክትባት በቅዝቃዜ ቢያዝም ከስድስት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ባክቴሪያ ይራባበታልና። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በደቡብ ሱዳን ካፖኤታ አካባቢ ይህ ደንብ ባለመጠበቁና አንድ መርፌ ለብዙዎች በመዋሉ 15 ሕፃናት ሞተዋል።

ከዚህ የሚነሣ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ አለ። ብልቃጡ ዐሥር ሕፃናትን የሚበቃ ሆኖ ሳለ በመንደሩ አንድ ሕፃን ብቻ ቢገኝ ይከፈት ወይስ ይቆይ? ከተከፈተ ዘጠኙ ሊጣል ይችላል። በእኛ አስተያየት መከፈት አለበት። የአርብቶ አደር ቤተሰብ ግመሉን ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ ያች እናት በሚቀጥለው ወር እዚያው ስለ መገኘቷ ዋስትና የለም። ፈሳሽ ጨርሶ የማያስፈልገው፣ እንደ ፋሻ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኩፍኝ ክትባት በጋምቢያ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። እርሱ እስኪደርስ ዐሥር ሕፃን የሚበቃው ብልቃጥ ከእነ አይስ ፓኩ በሳጥኑ ይጓዛል።